ከጓንጁ የመጣው ሥር

ጓንጁ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናትም ለአክስትም ለሆኑኝ ለእትዬ ጥሩአየሁ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሰሊጡስ ሳይረግፍ ታጨደ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም።

የእናንተ አካባቢ ስልክ ከተዘጋ ወዲህ ቁጥርዎን ሳልደውል የዋልኩበት ቀን የለም። የምትመልስልኝ ሁልጊዜ ያችው «ማግኘት አይችሉም» የምትለው ሴትዮ ናት፤ እሷኑ ለምጃታለሁ። ደግነቱ ነጋዴዋ ዘምዘም ከመተማ ዮሐንስ ብርድ ልብስና ጫማ ልትገዛ መጣችና የአገሩን ወሬ ሁሉ አገኘሁ። ማን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ፣ የማን ማሽላ እንደተቃጠለ ስትነግረኝ ቆይታ መጨረሻ ላይ «ቢሆነኝ ግን ከስቷል» አለችኝ።

«እንዴት ከስቷል?»

«ሱሪውን በገመድ ነው የሚያስረው።»

እትዬ፣ ልጅዎ ቢሆነኝ ለኔ የአክስት ልጅ አይደለም፤ በአንድ መሶብ ያደግን ወንድሜ ነው። ባለፈው ዓመት አብደራፊ ትራክተር ሲነዳ ካላዛር ይዞት፣ መርፌውን ጨርሶ ድኗል ብለውኝ ነበር። ታዲያ ትኩሳቱ ለምን ተመለሰ? ጣፊያው እንደገና አብጧል የምትለው ዘምዘም እውነቷን ነው? ሐኪሞቹስ ምን አሉ?

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ የተቋጠረ ሥር ልኬያለሁ። እዚህ ቻይና ሁዋንግ ቺ ይሉታል። በስሱ የተቆራረጠ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው፤ እንጨት መስሎዎት እንዳይጥሉት። ሲያኝኩት የሽምብራ እሸት ይመስላል። እዚህ የመጣሁ ዓመት ብርዱ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ሳል አልለቅ ብሎኝ እንደነበር አልነገርኩዎትም፣ እንዳይጨነቁ ብዬ። ከምሠራበት መጋዘን ፊት ለፊት ምሳ የምትሸጥ አንዲት ባልቴት አለች። ያኔ ቋንቋዋን አልሰማም ነበር። አንድ ቀን እጄን ይዛ አስቀመጠችኝና ይህን ሥር ከዶሮ ጋር የቀቀለችበትን መረቅ አጠጣችኝ። በማግስቱም ጠራችኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ተነሣሁ። ሥሩ ይሁን፣ ዶሮው ይሁን፣ ሰው አዝኖልኝ ይሁን እንጃ። የሰውነት መከላከያ ያጠነክራል ይላሉ። ከእፍኝ ያነሰውን በብዙ ውሃ ቀቅለው፣ ሥሩን አውጥተው ጥለው መረቁን ያጠጡት።

ግን ሐኪም ቤት መሄዱን እንዳይተው። ሐኪሞቹ ያሉትንም ሳይደብቁ ይጻፉልኝ። ሠርጓን ላላየሁላት ለሚስቱ ለአሰበች ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ደጅዎን እያሰበች የምትውል ልጅዎ
መሠረት


ኮኪት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፣ ለእኔም ልጅ ለመሠረት፣

እንደምን አለሽልኝ? ያን አገር የሚጠብቅ አምላክ አንቺንም ከፊቱ አያርቅሽ። እኛ ተመስገን አለን። ሰሊጡ ግማሹ ማሳ ላይ ረገፈ፤ አጫጁ ሳሉግ ጠፍቶ ነው። እንደ ድሮው ከጎጃምም ከወሎም ለቀን ሥራ የሚወርድ ሰው የለም። መንገዱን ማን ይድፈረው? ማሽላው ግን ደህና ነው።

ደብዳቤሽ እንዴት እንደደረሰኝ ልንገርሽ። እንግዳው የሚባለው ሾፌር ዘመዴ ከጎንደር ይዞት ሲመጣ ኬላ ላይ አስቁመው ሲፈትሹ ቋጠሮሽን አገኙት። የየትኛው ወገን ሰዎች እንደነበሩ ሊነግረኝ አልፈለገም፣ እኔም አልጠየቅኩት። አንዱ ሥሩን አሸተተ። ሌላው ደብዳቤሽን ከፍቶ አነበበ። «መከላከያ ያጠነክራል» የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና አለና፣

«ይህች ሴትዮ ቻይና ተቀምጣ ስለ መከላከያ ምን አገባት?» አለው አሉ።

«የሰውነት ነው የምትለው! የሰውነት! ከፊቱ ያለውን ቃል አንብበው እንጂ!» ቢል ማን ይስማው። እዚያው አሳደሩት። በኋላ አለቃቸው መጥቶ አንዱን ቁራጭ አኝኮ ተፋና «እንጨት ነው፣ ልቀቁት» አለ። እንግዳው አሁን ሲያወራው ይስቃል። የሰጠኝ ቀን ግን አልሳቀም። ከእንግዲህ ስትጽፊ «አቅም» በይው፣ ልጄ።

ሥሩን በተመለከተ እጅሽ ይባረክ! የምትቀቅልለት አሰበች ናት፤ ሌላ ሰው እንዲነካባት አትፈልግም። መጀመሪያ ላይ ምንም ለውጥ አላየንም። ከዚያ እህል መቅመስ ጀመረ። ትኩሳቱም ማታ ማታ ብቻ ሆነ። ትናንት የመንደራችን የባንተአምላክ ትራክተር ተበላሽቶ ጠርተውት ሄዶ፣ እጁ ዘይት በዘይት ሆኖ ሲመለስ ሳየው እልልታዬን በነጠላዬ አፈንኩት። እሱ ራሱ «ይኼ ይበቃኛል፣ ከእንግዲህ ሐኪም ቤት አያሰኘኝም» ይላል። ደጅ ተቀምጦ በትልቅ ኩባያ ሲጠጣ የሚያልፈው ሁሉ «የቻይናው ሥር እንዴት ነው?» ይለዋል። ጎረቤታችን ፈንቴ ለልጇ ሳል ለምናኝ ቆንጥሬ ሰጠኋት። ለሰው ሲነግሩት አያሳፍርም፣ ደስ የሚል መድኃኒት ነው።

ሐኪሞቹ ምን አሉ ላልሽው፣ ያሉትን ብለዋል። ዋናው መነሣቱ ነው።

ብትችይ ጨምሪልን። የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ።

አክስትሽ ጥሩአየሁ


ጓንጁ፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ጥሩአየሁ፣

ቤቱ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው ወይ? ደብዳቤዎን መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። እንግዳው የደረሰበትን ሳነብ ሳቅኩ፣ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ፤ እኔ እዚህ ሆኜ በጻፍኳት ቃል ሰው እዚያ ይታሰራል። ይቅርታዬን ይንገሩልኝ።

ቢሆነኝ ትራክተር ጠገነ ብለው ስለጻፉልኝ ደስታዬን የምገልጽበት ቃል አጣሁ። የመጀመሪያውን ሥር የገዛሁት ከተራ ገበያ ነበር፤ አሁን ደህናውን ልላክለት ብዬ ሽማግሌ የሥር ሐኪም ያለበት ሱቅ ገባሁ። ቋንቋቸውን አሁን እየተንተባተብኩም ቢሆን እናገራለሁ።

«ለማን ነው?» አለኝ።

«ለወንድሜ።»

«ምን ሆኖ?»

ትኩሳት አለው፣ ጣፊያው አብጧል፣ ከስቷል አልኩት። የከፈተውን መሳቢያ መልሶ ዘጋው።

«ይህ ከሕመም ለተነሣ ሰው ነው። ትኩሳት ላይ ላለ ሰው አልሰጥም። ሐኪም ቤት ውሰዱት።»

«ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው» አልኩት።

«እኔም ሩቅ ነኝ» አለኝ።

ወጣሁ። ባዶ እጄን ደብዳቤ መላክ አቃተኝና ከዚያው ከተራ ገበያ ትንሽ ገዝቼ ልኬያለሁ። ለምን እንደላክሁት ራሴም አላውቅም።

እትዬ፣ ካላዛርን በተመለከተ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። መርፌውን ጨርሶ የዳነ ሰው ላይ እንዲህ ቶሎ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ የሰውነቱን አቅም የሚበላ ሌላ ነገር ሲኖር ነው ይላል። አብደራፊ ሲታከም ሌላ ምርመራ አድርገውለት ነበር? በየቀኑ የሚውጠው ኪኒን ነበረው? ከነበረው አሁንስ ይውጣል? «አያሳፍርም» ብለው የጻፏት ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። የሚያሳፍረው የትኛው ነው?

ካስቆጣሁዎትም እንደ ልጅ ይዩኝ።

መሠረት


ኮኪት፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመሠረት፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደህና ነን። የላክሽው ደርሷል።

የጠየቅሽው ነገር በስንት ሰው እጅ በሚያልፍ ወረቀት ላይ የሚጠየቅ አይደለም። እንግዳው ዘመዴ ነው፤ ኬላ ላይ የቆመው ግን ዘመዴ አይደለም። ሁለተኛ እንዲህ አትጻፊ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ቢሆነኝን ጓሮ ወስጄ ጠየቅኩት። መልሶልኛል። ለማንም እንዳልናገር በአባቱ አጥንት አስምሎኛል። አንቺም «ማንም» ከሚለው ውስጥ ነሽ። ስለዚህ ምንም አልነገርኩሽም።

አሰበች ፀንሳለች።

ትኩሳቱ ተመልሷል። ሥሩን ጨምሪ፤ ሌላ ነገር አልቀምስም ብሏል። ከመጋቢት ወዲህ መንገዱ አንድ ቀን ከተከፈተ ሳምንቱን ይዘጋል። ይህንንም ማን እንደሚወስደው አላውቅም።

ጥሩአየሁ


ጓንጁ፣ ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ጥሩአየሁ፣

እንደምን አሉ ብዬ መጠየቅ ፈራሁ። ቢሆንም እጠይቃለሁ፣ እንደምን አሉ?

ይህን ማንም ቢከፍተው ምንም እንዳያገኝ አድርጌ እጽፋለሁ። እርስዎ ይገባዎታል።

ሥር አልላክሁም። ሌላውን ትቶ በዚህ የሚደገፍ ከሆነ፣ እኔ የላክሁለት መድኃኒት ሳይሆን መደበቂያ ነው። ያኛውን እየዋጠ ትኩሳቱም በሐኪም ከወጣለት በኋላ ካማረው ግን፣ ዘምዘም መሸከም እስኪያቅታት እልክለታለሁ። ይህን በኔ ቃል ይንገሩት። ስስት አይደለም።

ያንን ኪኒን የሚውጡ ሰዎች እዚህም እዚያም ሞልተዋል። ይሠራሉ፣ ይወልዳሉ፣ ልጅ ይድራሉ። እናት በጊዜ ከጀመረች ልጁ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይወለዳል። በጊዜ ከጀመረች ነው፣ እትዬ። አሰበች ታውቃለች? በመሐላ እንደታሰሩ ገብቶኛል። ለሷ ብጽፍላት ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ማንበብ አትችልም፣ የመጣላትን ደብዳቤ የሚያነብላት እሱ ነው። ከእርስዎ በቀር ወደ ጆሮዋ የሚደርስ ሰው የለኝም።

ከዚህ የማደርገው ነገር ሁሉ ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀት ደግሞ እዚያ ሲደርስ ሌላ ቀን ሆኗል።

መሠረት


ኮኪት፣ ነሐሴ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለመሠረት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ይህን የምጽፍልሽ ጥቁር ሻሽ አስሬ ነው። ቢሆነኝ በሐምሌ ዐረፈ። ሸሕዲ ተቀብሯል። አስቀድሜ የነገርኩሽ እስከ ታች ልብሽ ተንጠልጥሎ እንዳይወርድ ነው። አሁን ተቀመጪና ቀሪውን አንብቢ።

ኤች አይ ቪ ነበረበት። ይኸው ጻፍኩት። ኬላ ላይ ያለውም ያንብበው፤ ከእንግዲህ ማንን እደብቃለሁ?

የነገሩት አብደራፊ ካላዛሩን ሲያክሙት ነው። ኪኒን ሰጥተውት ሲውጥ ከርሟል። ሥርሽ ሲመጣ ተወው። ጓሮ ወስጄ የጠየቅኩት ቀን «እማዬ፣ ሥሩን ደጅ ተቀምጬ እጠጣዋለሁ፣ ሰውም ማረህ ይለኛል። ኪኒኑን ለመቀበል ስሄድ ግን የማያየኝ ሰው የለም» አለኝ። አንቺ ምን ታውቂያለሽ። በዚህ ራስሽን አትብዪ። ሥሩ ባይመጣ ሌላ ነገር ይፈልግ ነበር።

የሰኔው ደብዳቤሽ ሐምሌ ሲገባ ደረሰኝ። በማግስቱ አሰበችን ሰሊጥ ልናርም ማሳ ስንወጣ ነገርኳት። ጎንበስ ብላ እያረመች ነበር። ቀና አላለችም። የያዘችውን ትልም እስከ ዳር አርማ ጨረሰች። ከዚያ ቆማ፣

«እኔ ነኝ እኮ ስቀቅልለት የኖርኩት» አለችኝ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ደግሞ «እትዬ፣ ልጁስ?» አለች።

 አንቺ የጻፍሽልኝን ነገርኳት፣ በጊዜ ከተጀመረ አልኳት።

እሷ ለሱ ነገረችው። እኔን ሰነባብቶ ነው ያናገረኝ። «በአባቴ አጥንት ምለውልኝ ነበር» አለኝ።

«አባትህ ቢኖር ቀድሞኝ እሱ ይነግራት ነበር» አልኩት። 

እዚህ ጤና ጣቢያ መመርመሪያው አልቆ ስለነበር ሸሕዲ ሂዱ ተባልን። አስፋልቱ ላይ ተኩስ አለ። ባንተአምላክ ትራክተሩ ላይ ተሳቢ ቀጥሎ በማሳ ውስጥ ወሰደን። የዋልካው ጭቃ ጎማ እየያዘ ፈጀን። ቢሆነኝ ተሳቢው ላይ ፍራሽ ተነጥፎለት ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን ያዳምጣል። «ባንቴ፣ ማርሽ ቀንስ፣ ጭቃ ላይ አታስጩኸው» ይላል። ሥጋው አልቆ ጆሮው ብቻ ሾፌር ሆኖ ቀርቶ ነበር።

ሸሕዲ አሰበችን መረመሯት። ተገኘባት። ኪኒኑን ያኑ ዕለት ሰጧት። እሱ የተኛበት አልጋ አጠገብ ቆማ ዋጠችው። አልሰደበችውም፣ አላለቀሰችም። እያያት ቆየና «ለኔም ስጡኝ» አለ። ሰጡት። እንባው በጉንጩ እየወረደ ዋጠ።

የካላዛሩ መርፌ ግን አልነበረም። የጫነው መኪና አይከል ላይ መንገድ ተዘግቶበት ቆሟል አሉን። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ወጥቶ ወደ አይከል አቅጣጫ ያያል፤ እኔም አብሬው ወጥቼ አያለሁ። ሁለታችንም ባዶ እጃችንን እንመለሳለን። ቢሆነኝ በሩ ሲከፈት ፊታችንን ያይ ነበር፤ በኋላ ግን ማየቱን ተወው። መኪናው ሳይመጣ ልጄ ሄደ። እጁን ይዛው የነበረችው አሰበች ናት።

አስከሬኑን ወደ ኮኪት ማምጣት አልተቻለም። እዚያው ሰው ለምነን ቀበርነው።

አሰበች ከኔ ጋር ናት። ወላጆቿ በለሳ ናቸው፤ ለአረም ወርዳ ነው ከልጄ ጋር የተገናኘችው። የቀረችው መንገዱ አላስኬድ ብሏት ይሁን፣ ለኔ አዝና ይሁን አላውቅም። እንዳትሄድብኝ ፈርቼ አልጠየቅኳትም።

ከንፈርሽን ነክሰሽ ቻይው። እኔ ችየዋለሁ።

አክስትሽ ጥሩአየሁ


ጓንጁ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት ከማለት ሌላ ቃል ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። ብዙ ጀምሬ ብዙ ቀደድኩ።

እዚህ ያለን አበሾች ተሰብስበን መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጠን አለቀስን። ከመካከላቸው ቢሆነኝን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ «ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ሞተር ሰምቶ ሕመሙን የሚያውቅ ሰው ነበር አልኳቸው። ባልቴቷ ጥቁር ልብሴን አይታ መረቅ ይዛልኝ መጣች። ሥሩ ውስጡ ይዋኛል። ልጠጣው አልቻልኩም፣ ልመልስላትም አልቻልኩም። ይዤው እንደቆምኩ ቀዘቀዘ።

ምን ልላክ? ለአሰበች፣ ለሚወለደው ልጅ ምን ይሻላል? የሚሉኝን ሁሉ አደርጋለሁ። ዝም አይበሉኝ ብቻ።

መሠረት


ኮኪት፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመሠረት፣

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰሽ። ዝም ያልኩሽ ጨክኜ አይደለም፤ ወረቀት የሚወስድ ጠፍቶ ነው።

አሰበች በኅዳር ሴት ልጅ ወለደች። በሰላም ተገላገለች። ሕፃኗ ጠይም ናት፣ ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው። ክርስትናዋ ገና ነው፤ ስም አላወጣንላትም። እንደተወለደች ጤና ጣቢያው ጠብታ ጀመረላት። አሰበችም ኪኒኗን አንድ ቀን አላጓደለችም። ስንነሣ «ዋጥሽ?» እላታለሁ፣ «ዋጥኩ» ትለኛለች። እንደምን አደርሽ መባባል ትተናል፤ ሰላምታችን እሱ ሆኗል። ኪኒኗን ልትቀበል ስትሄድ አብሬያት ሄጄ ከጎኗ እቀመጣለሁ። የሚያየን ይየን። ፈንቴ መጀመሪያ አካባቢ ልጇን ከኛ ቤት ታርቅ ነበር፤ አሁን ሕፃኗን ታቅፍልናለች።

ምን ልላክ ብለሽኛል። ሥርም ሆነ ልብስ አትላኪ። እዚህ የጎደለን ከዚያ የሚላክ ነገር አይደለም።

ሕፃኗ ንጹሕ ትሁን አትሁን እዚህ አይታወቅም። ከገና በፊት ከተረከዟ ደም ወስደው ወረቀት ላይ ጠብ ጠብ አደረጉት። ያ ወረቀት ጎንደር ደርሶ ነው መልስ የሚመጣው። ካሸጉት ቆይቷል፤ መኪና ግን የለም። እንግዳው ጠዋት መኪናውን አስነሥቶ ያሞቅና፣ ዛሬም አይሆንም ሲሉት ያጠፋዋል። ድምፁ ሲነሣ አሰበች ጡት እያጠባችም ቢሆን ቀና ትላለች። ሲጠፋ ጎንበስ ትላለች።

እስከዚያው ሕፃኗ ባስነጠሰች ቁጥር ሁለታችንም እንነሣለን። ትንሽ የሞቃት ሲመስል አሰበች ግንባሯን በከንፈሯ ትነካለች፣ ከዚያ እኔ እነካለሁ። ከዚያ እንተያያለን። ትኩሳት ይሁን የቆላው ሙቀት በምን ለይተን እንወቅ? አሰበች «ቆላው ነው» ትላለች። እኔም «ቆላው ነው» እላለሁ።

የጤና ጣቢያዋ ልጅ የሕፃኗ ደም የታሸገበትን ፖስታ ለእንግዳው አደራ ስለሰጠችው፣ ይህን ደብዳቤ አብሬ ሰጥቼዋለሁ። በአንድ ኪስ ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ልጄ፣ ይህን ካነበብሽ የሕፃኗ ደም ጎንደር ገብቷል ማለት ነው። መድረሱን እኔ ሳላውቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ያነበብሽ ቀን ለኛ ጸልዪልን፤ እኛ መቼ እንደሆነ ስለማናውቅ በየቀኑ እንጸልያለን።

አክስትሽ ጥሩአየሁ